በቅበላ የጾመች ኮሮላ

እኛ አገር ሰው ለላም የሚሰጠውን ጆሮ ለመኪና አይሰጥም። ላም አንድ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ብታድር ጎረቤቱ በሙሉ ይሰበሰባል፤ አንዱ ምላሷን ያያል፣ አንዱ ሆዷን ይዳብሳል፣ አንዱ የማን ዓይን እንዳረፈባት ይጠያየቃል። መኪና ግን ጠዋት ጠዋት እያቃሰተች ብትነሳ፣ ቆም ባለች ቁጥር መብራቷ ቢፈዝ፣ የሞተር ቀበቶዋ፣ ቺንጋዋ፣ እንደተረገጠ ድመት ቢጮኽ፣ ከሞተሯ የተቃጠለ ጎማ ቢሸት፣ መልሳችን አንድ ነው፦ “ትሄድ የለ?” ትሄዳለች። እስክትቆም ድረስ ያልሄደች መኪና እኔም አላየሁም።

ሌላውን እያማሁ እንዳይመስላችሁ፤ የማወራው ስለ ራሴው ኮሮላ ነው። ይህን ሁሉ ምልክት አንድ ወር ሙሉ ስታሳየኝ ከርማ፣ አልሰማ ስላት ከመሪው ፊት ክሩስኮቷ ላይ የባትሪ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት አበራችልኝ። እኔ ሆዬ፣ “ባትሪ አለ” ማለቷ ነው ብዬ ተረጎምኳት። አትሳቁ። የእናንተም መኪና ላይ በርታ በርታ ስትሰለች የተወቻችሁ አንዲት መብራት አትጠፋም።

ታዲያ የቅበላ እሑድ አብሮ አደጌ ዘላለም ሊያገባ ሆነ። ሦስት ዓመት የጠበቃት ልጅ ናት። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። እኛ የምንነሳው ከፍኖተ ሰላም፣ ሙሽሪት ያለችው ቡሬ ሳይደረስ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። አባቷ አያ ታከለ የሩቅ ዘመድ በልቶ በቀን አገሩ እንዲገባ ስለፈለጉ፣ አስቀድመው በሽማግሌ ቁርጡን ልከዋል፦ “ስድስት ሰዓት ካለፈ ሙሽራው አይድከም፤ በዳግማይ ትንሣኤ ይምጣ።” ሰውዬው ደግሞ አይቀልዱም። በሦስቱ ዓመት ላይ ሁለት ወር ሊጨመር ነው ማለት ነው።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሙሽራው ከጎኔ፣ ሁለት ሚዜ ከኋላ ሆነው ወጣን። ክላክሱን አልለቅም፣ ቴፑ አገር ያናውጣል። ማንኩሳን አለፍ እንዳልን ዘፈኑ ይቆራረጥ ጀመር፤ እንደ ኮርማ ሲያገሳ የነበረው ክላክስም ወደ ጥጃ ድምፅ ወረደ። ያን ጊዜ ቀይዋ መብራት ምን ስትለኝ እንደከረመች ገባኝ።

“ዲናሞው ሞቷል” አልኩ።

“እና?” አለ ዘላለም።

“እናማ ባትሪ ጎታ ነው፤ ዲናሞ ገበሬው ነው። ገበሬው ተኝቶ እኛ ከጎታው እየዛቅን ነው። ሲያልቅ እንቆማለን።”

“ምን ይሻላል ታዲያ?”

“መጾም።”

ቴፑ ጠፋ፣ ማራገቢያው ጠፋ፣ ክላክስ ተከለከለ፣ ስልኩን ቻርጅ ያደርግ የነበረው ሚዜ ገመዱን ነቀለ። መስኮቱም በኤሌክትሪክ ነውና እንደተዘጋ ቀረ። ኮሮላዬ ከእኛ አንድ ቀን ቀድማ ጾም ገባች።

“ሰርግ ያለ ክላክስ!” አለ ሚዜው። “ሰረቁን ብለው በዱላ እንዳይቀበሉን ብቻ!”

በዱላስ በተቀበሉን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሲያየን እኮ መኪናዋ አበባ ለብሳለች፣ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ድምፅ የላትም፣ ውስጧ ጥቁር ሱፍ የለበሱ አራት ሰዎች በላብ ተነክረው ፊታቸውን ይጠራርጋሉ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ነፍስ ይማር!” ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ስንይዝ ጭራሽ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ከኋላ ከኋላ ይከተሉን ጀመር። አገሩ ለቀስተኛ ነው፤ ማን ሞተ የሚለው ሲደርሱ ይጠየቃል።

እንዲህ እያልን እያዘገምን፣ የሙሽሪት ቤት ዳገቱ ላይ ሲታየን ኮሮላዬ አንዴ አስነጠሰችና ጸጥ። ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ። በእግር እንዳይሮጥ፣ ላብ በላብ ሆኖ በሩጫ የመጣ ሙሽራ ለአያ ታከለ ከቀረ ሙሽራ አይሻልም። ዘላለም በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ልቅሶው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ።

“አንተ ልጅ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?” አሉት ፊት ለፊት የነበሩት እናት።

“ኧረ እናቴ፣ ማንም አልሞተ! ሙሽራ ነኝ! መኪናዋ ናት የሞተችው! ስድስት ሰዓት ካለፈ እኮ አያ ታከለ ልጃቸውን አይሰጡኝም!”

ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ዳገቱን አዩ። “እንዲያ ነዋ! እኔ እንባዬን የጨረስኩት ለብረት ነዋ!” አሉና ነጠላቸውን ገለበጡ። “ኑ ግፉ እንጂ! ምን ትገተራላችሁ?”

አርባ ሰው ይሆናል የተረባረበብን። የቀረው እንባ እልልታ ሆነ፤ ወንዶቹ እያሸበሸቡ ይገፋሉ፣ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ፤ እኔ ዘውድ እንደደፋ ንጉሥ መሪዬን ይዤ ቀና ብዬ ተቀምጫለሁ። አያ ታከለ ሰዓታቸውን እያዩ ከደጅ ቆመው ነበር። ሰዓቱን ረሱት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“ሌላው በሞተር ይመጣል” አሉ፣ “የእኔ ልጅ ሙሽራ ግን በሰው መጣ። ግቡ! ግቡ!”

ገባን። በላን። ዲናሞውንም በሳምንቱ አስቀየርኩ።

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ታዲያ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ እኔን እየጠየቀ ዘይት የማስቀይርበት ጋራዥ ድረስ መጣ። ሊያገባ ነው፤ ልጅቱም ከዚያው ቀበሌ ናት። የልጅቱ አባት፣ “አያ ታከለ በሰው ሲመጣላቸው እኔ ምኔ አንሶ ነው በሞተር የሚመጣብኝ?” ብለዋል አሉ።

“የኔ መኪና ደግሞ” አለኝ መሬት መሬት እያየ፣ “ምንም አልሆነች። ምን ይሻለኛል?”