ስብሰባ ያደረሰው ሬዲዮ

ግባ፣ ግባ! ሽቦውን ግን እንዳትረግጠው። እሱን ከረገጥከው ሬዲዮ ጣቢያው ተዘጋ ማለት ነው። እዚያ ካርቶኑ ላይ ተቀመጥ።

ምን ያስቅሃል? ሬዲዮ ጣቢያ ነው አልኩህ። ጣሪያው ላይ አንድ ሞንታርቦ፣ እታች አንድ ቴፕ፣ አንድ ማይክራፎን፣ አንድ እኔ። ከዚህ በላይ ምን ሊኖረው ኖሯል?

ባለቤቱ ባበክር ነው፤ የበርታ ሰው፣ የካሴትና የሽቶ ነጋዴ። ሞንታርቦውን የሰቀለው ካሴት ሊሸጥበት ነበር። ሰው ግን ምን በወጣው ይገዛል? ማንጎ ጥላ ስር ተጋድሞ በነፃ ይሰማል። ባበክር ተስፋ ቆርጦ ሊያወርደው መሰላል ሲያቆም ጎረቤቱ ጨው ነጋዴ ሮጦ መጣና በዘፈኑ መሀል የኔን ጨው ብታስጠራልኝስ አለው። ንግድ ሬዲዮ እንዲህ ተወለደ። ጠሪ ብቻ ጠፋ። እኔ ደግሞ ትምህርትን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰናብቼ፣ መናኸሪያ ውስጥ "ሸርቆሌ! ሸርቆሌ! አንድ ሰው!" ስል ጉሮሮዬን ያስመረቅኩ ሰው ነኝ። ተቀጠርኩ።

ያኔ ክልሉ አዲስ ነው፤ የቢሮዎቹ ቀለም ገና አልደረቀም። በሬዲዮ የምንሰማው ካርቱምን ነው፣ አዲስ አበባን ነው። አሶሳን በስሟ የሚጠራት የለም። ታዲያ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከተማውን ሲያስተኛው፣ ቀስ ብዬ "ይህ አሶሳ ነው" እላለሁ። የተኛው ውሻ እንኳ ቀና ይላል። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ድምፄን በሐሳብ እከተለዋለሁ። ከማንጎው በላይ ይሄዳል፣ ከቀርከሃው በላይ ይሄዳል፣ ዓባይ ወርዶ ፊቱን ይታጠባል፣ ወዲያ ማዶ ይወጣል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ? እውነቱን ከጠየቅከኝ ግን መናኸሪያ እንኳ የሚደርሰው ነፋስ ሲፈቅድ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ተዋበች መጡ። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሴት ናቸው። ያኔ እሳቸውን የጫነው መኪና ወደዚህ፣ ወንድማቸውን ይመርን የጫነው ወደ ፓዌ ሄደ፤ በዚያው ተጠፋፉ። አሁን ግን አንድ መንገደኛ ፓዌ ውስጥ ይመር የሚባል ወሎዬ አይቻለሁ አላቸው። እሱ ይሁን አይሁን፣ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ እንቅልፍ አጥተዋል። በሬዲዮ ጥራልኝ አሉኝ።

ባበክር ቀድሞኝ፣ "ፓዌ ሩቅ ነው፣ እማማ። ይሄ ሬዲዮ ነፋስ አለ፣ መናኸሪያ ይደርሳል። ነፋስ የለም፣ አይደርስም ወላሂ" አላቸው።

"አንተ ተናገር ልጄ" አሉኝ፣ ወደሱ ዞር ሳይሉ። "ማድረሱን ለአላህ ተወው።"

ፓዌን ታውቀዋለህ? ክልላችን አንድ ነው ተባልን፤ መንገዱ ግን አልሰማም። መሀል ላይ ዓባይ ተኝቷል። ወዲያ ለመሻገር ወለጋን ዞረህ፣ ጎጃምን አቋርጠህ ነው። እንዲህም ሆኖ ከዚያ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ለምን? አዲስ ክልል ምን ይወዳል? ስብሰባ! አዳራሹ ደግሞ ከሱቃችን ፊት ለፊት ነው።

እና ተሰብሳቢው ለሻይ በወጣ ቁጥር ድምፄን አሳምሬ እለቀዋለሁ። "ውድ ወንድሜ ይመር ሆይ፣ ናፍቆትህ አንገብግቦኛል፣ እህትህ ተዋበች።" ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ብዬ ነዋ! እኔው ስናገር እኔው እንባ እንባ ይለኛል። ከወዲያ ማዶ፣ ከፓዌ አቅራቢያ ለስብሰባ የመጡ አንድ የቡለን ገበሬ፣ አቶ ገረመው የሚባሉ ሽናሻ፣ "በቃን ወንድም፣ ሸመደድነው! እንነግርልሃለን" ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሲመጡ ቀጥታ ወደ ሱቁ ገቡ። እትዬ ተዋበችም ስብሰባ መኖሩን ሰምተው በር ላይ ቆመዋል።

"አገኘሁት" አሉ አቶ ገረመው። "ግን እህቴ አይደለችም አለ።"

እትዬ ተዋበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"የኔ እህት ውድ ብላኝ አታውቅም፣ ሌላ ተዋበች ናት፣ የኔዋ ሞታለች አለ።"

አየህ ጣፋጭ ምላስ የሚያመጣውን ጣጣ? ሴትዮዋን በማር ገደልኳቸው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እትዬ ተዋበች ግን አላለቀሱም። ማይክራፎኑን ከእጄ መነጨቁት።

"አንተ ይመር! አንተ ድንጋይ ራስ! ተዋበች ነኝ፣ የወተት ጥርስህን በጥጃ ገመድ የነቀልኩልህ! ገደልከኝ አሉ? ማን ፈቀደልህ? አንተ ከሞትክ ሞቻለሁ ብለህ ላክ! ካልሞትክ ምን ይዞህ ነው? እግርህን ፓዌ ተከልከው?"

የማንጎው ጥላ ስር የተጋደመው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ተቀመጠ። አዳራሹ ውስጥ ስብሰባው ቆመ። ነፋስ እንኳ የነበረ አይመስለኝም፤ መናኸሪያ ግን ጥርት ብሎ ተሰማ አሉ። አቶ ገረመው ቃል ሳያስቀሩ አጥንተውት ሄዱ።

ክረምቱ አልፎ ዝናቡ ሲያባራ ነው፣ አንድ ረጅም ሰው ጭቃውን ከጫማው እያራገፈ በሩ ላይ ቆመ። እትዬ ተዋበች እዚህ አንተ የተቀመጥክበት ካርቶን ላይ ነበሩ። ተያዩ። ሴትዮዋ ሲወድቁ ሰውዬው አነሣቸው፤ ሰውዬው ሲያለቅስ እሳቸው ደረቱን ደበደቡት። ባበክር ሽቶ የሚያዘጋጅ መስሎ ጀርባውን ሰጠ። እኔም ቴፑን አጠፋሁት፤ ዘፈን ምን ሊያደርግ?

ብዙ ቆይቶ ይመር ፊቱን በክንዱ ጠረገና እጁን ወደኔ ዘረጋ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ተነሣሁ።

"አገር ፊት ነው የሰደበችኝ" አለ፣ አጠገቡ የተቀመጡትን እህቱን በአገጩ እያመለከተ። "አገር ፊት ነው የምመልስላት። አምጣው እስቲ ያንን ነገር።"