ጋሽ ወንድሙ ትጥቅ ያስፈታ ዕለት

ትርጉም አገር ያጠፋል ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን አገር ሲያድን አይቻለሁ፤ ያውም ሆን ተብሎ የተጣመመ ትርጉም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ቦንጋ አስተማሪ ነበርኩ። ያኔ ጠመንጃ እንደ ከዘራ በየሰዉ እጅ ነበር። የሺሺንዳው ጋሽ ወንድሙም ታጣቂዎች ሰብስቦ "መንገድ እጠብቃለሁ" አለ። ጠበቀም። እንዲያውም ከመጠበቁ ብዛት ከእሱ በቀር ከሺሺንዳ ቦንጋ የሚያልፍ ጠፋ፤ አውቶቡሱም ቆመ። በዚህ መሐል የሰላም ጉባኤ መጣ። የሰላም ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ሆነ ትላላችሁ? ራሱ ጋሽ ወንድሙ! ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ስለ ሰላም ይሰብካል፣ ከሰዓት ጫካ ገብቶ ታጣቂዎቹን "በርቱ" ይላል። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" የሚለውን ተረት እኛ እናወራዋለን፤ እሱ ይኖርበታል።

አከራዬ እትዬ ዘይነባ ግን ለተረት ጊዜ አልነበራቸውም። ሱቃቸው ቦንጋ፣ ልጃቸው ሺሺንዳ። ልጅቷ ወሯ ገብቷል፤ አዋላጇም "ሆስፒታል ካልደረሰች ያሰጋታል" ብላ ልካለች። እትዬ ጋሽ ወንድሙን ደጅ ጠንተው "መንገዱን ክፈትልኝ" ቢሉት፣ "እትዬ፣ ጉዳዩ ፕሮሰስ ላይ ነው" አላቸው።

"ምጥ ፕሮሰስ አያውቅም!" ብለውት ወጡ።

የጉባኤው መዝጊያ ዕለት ታጣቂዎቹ ጠመንጃቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቦንጋ ሜዳ ላይ ተሰለፉ። ከላይ የመጡት ባለሥልጣን ንግግራቸውን "ትጥቃችሁን ፍቱ!" ብለው ደመደሙ። ታጣቂዎቹ አማርኛ ብዙም አይሰሙም፤ አስተርጓሚው ጋሽ ወንድሙ ነው። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ አንድ ነገር አለ። አጠገቤ የቆመው የቦንጋ ተወላጅ ባልደረባዬ ሳቁን ዋጠ።

"ምን አለ?" አልኩት።

"'የወገባችሁን ቀበቶ ፍቱ' አላቸው።"

ገባችሁ? "ትጥቅ" ማለት መታጠቂያም አይደል! ቃሉ ውሸት አይደለም፣ ጠመንጃውም አልተነካ። ሁለቱም ባላ እንደቆመ ነው። ለአርአያነትም ራሱ ቀድሞ ቀበቶውን ፈታ።

ያላሰበው ሱሪውን ነው። ታጣቂዎቹ የለበሱት የተበተነውን ጦር ሱሪ ነበር፤ አንዱ ሁለት ሰው ያስገባል። ቀበቶው ሲላላ ሱሪው ቁልቁል ጉዞ ጀመረ። በአንድ እጅ ቢይዙት በሌላው በኩል ይንሸራተታል። ሰው ደግሞ በሴቶች ፊት ከጠመንጃውና ከሱሪው አንዱን ምረጥ ቢባል የሚመርጠው ይታወቃል። ጠመንጃው ሁሉ ሣር ላይ ረገፈ። የጋሽ ወንድሙም ሽጉጥ ከነቀበቶው ወረደና ሱሪውን በሁለት እጁ አንቆ ቆመ።

እልልታውን የጀመሩት እትዬ ዘይነባ ናቸው። ሜዳው ተቀበላቸው። ታጣቂዎቹ መጀመሪያ አፈሩ፣ ከዚያ ራሳቸውም ሳቁ፤ እየተጨበጨበለት ጎንበስ ብሎ መሣሪያ የሚያነሣ ማን ነው? ለማጎንበስም ሱሪው አልፈቀደም። ባለሥልጣኑ መሣሪያውን አስለቅመው ጋሽ ወንድሙን አቅፈው ሳሙት፤ እሱ ግን መልሶ የሚያቅፍበት እጅ አልነበረውም።

በዚያው ቀን አውቶቡሱ ሺሺንዳ ደርሶ ተመለሰ። በማግሥቱ እትዬ ዘይነባ ሆስፒታሉ ደጅ ላይ ዳግመኛ እልል አሉ፤ እናትም ልጅም ደኅና። እኔ ምን አገባኝ ሳልል ከደስታ ብዛት አለቀስኩ።

ጋሽ ወንድሙስ? ለምክር ቤት ተመረጠ እንጂ! "ትጥቅ ያስፈታሁ እኔ ነኝ" ባለበት ሁሉ ተጨበጨበለት፤ ደግሞም እውነቱን ነው። እትዬ ዘይነባም መረጡት።

"እርስዎም?" ብላቸው፣ "የት እንደሚያዝ አውቃለሁ" አሉኝ።

የገባኝ በኋላ ነው። ጋሽ ወንድሙ በስብሰባ መሐል ሁለተኛ ባላ መትከል ሲያምረውና "ጉዳዩ ፕሮሰስ ላይ..." ብሎ ሲጀምር፣ እትዬ ከኋላ ሆነው ቀስ ብለው "ትጥቅ!" ይላሉ። የተከበሩት የምክር ቤት አባል ሁለቱም እጃቸው ወደ ሱሪያቸው ይሮጣል፤ ጉዳዩም እዚያው ያልቃል።