ግራዝማች አላምረው ያዩት ፊልም

ፊልም አይቶ አስተያየት የማይሰጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኝ አያውቅም። ወጥ ቀምሶ ዝም የሚል አለ፤ ስብከት ሰምቶ ዝም የሚልማ ሞልቷል። ከሲኒማ ቤት የወጣ ሰው ግን ገና ከደጃፉ ሳይርቅ ዳኛ ይሆናል። «አክተሩ ቀድሞ መተኮስ ነበረበት!» ይላል፣ ጠመንጃ ጨብጦ የማያውቅ ሰውዬ። «ልጅቷ ይሄን ትታ ያኛውን ማግባት ነበረባት!» ይላል፣ ራሱ ሚስት ፈልጎ ያጣ። እኔም ከነዚህ ዳኞች አንዱ ነበርኩ። እንዲያውም የቢቸና ጠቅላይ ዳኛ እኔ ነበርኩ ብል አላጋነንኩም፤ በጃንሆይ ዘመን ቢቸና ሲኒማ ቤት አልነበራትማ! ሲኒማ ቤት በሌለበት ከተማ ደግሞ ፊልም አይቶ የመጣ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ይግባኝ የለውም።

የቢቸና ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ሄጄ አስተማሪነቱንም ፊልም ማየቱንም እኩል ተምሬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ለኮርስ ስሄድ የወጡትን አዳዲስ ፊልሞች በዓይኔ ጭኜ እመጣና፣ መስከረም ላይ በወይዘሮ አጸደ ሻይ ቤት አራግፋቸዋለሁ። ሰዉ ሻዩን እየጠጣ ይሰማኛል፤ እኔም እፈርዳለሁ።

በዚያ ዓመት ይዤ ከመጣኋቸው አንዱ የካውቦይ ፊልም ነበር። አክተሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲጋልብ ፈረሱ አንዲት ጭብጥ ገብስ አልቀመሰም። ይህን ስናገር የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ አክተሩን ትቶ ለፈረሱ አዘነ፤ እኔም ፊልሙን በዚሁ ጥፋት ጣልኩት። ሌላው ደግሞ የድንጋይ ምሰሶ እንደ ሸንኮራ አገዳ የሚሰብር ጡንቸኛ የሚሠራበት ነበር። ያን ያህል ጉልበት ያለው ሰው ቤተ መንግሥት ከሚያፈርስ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ የሚውጠውን የኛን መንገድ ቢሠራልን ምን ነበረበት? ይህንንም ጣልኩት። ሦስተኛው የህንድ ፊልም ነበር። ሙዚቃው ልብ ይሰርቃል፤ ልብሱ ያምራል፤ መጨረሻው ላይ ግን ሁሉም ሞቱ። በዚህኛው ላይ የፈረድኩት ፍርድ ከሁሉም የከበደ ነበር። እኔ በፊልም ጉዳይ አንድ እምነት አለኝ፤ ፊልም በደህና ማለቅ አለበት። ገንዘብ ከፍሎ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ አልቅሶ መውጣት ምን ይሉታል? ለቅሶማ በቢቸና በነጻ አለ።

ይህን ፍርዴን የሚቃወም አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ተሾመ። ተሾመ የጅማ ሰው ነው። ወደ ቢቸና ተመድቦ ሲመጣ ከመድኃኒቱ ሳጥን ጋር የፊልም ፍቅሩንም ይዞ መጣ። እሱ የሚወደው የሚያስለቅሰውን ነው። «ያላስለቀሰ ፊልም የሰርግ ፎቶግራፍ ነው» ይለኝ ነበር። «ሁሉም ስቆ ይቆምና ያልቃል። ሰው እንዲህ ስቆ አይኖርም፤ ያለቀሰበትን ነው የማይረሳው።» እኔም፣ ቀኑን ሙሉ ሰው በመርፌ እያስለቀሰ የሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ አስተያየት ከየት ያመጣል ብዬ እመልስለታለሁ። የሻይ ቤቱ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ከመካከላቸው ፊልም ያየ እኮ የለም!

ታዲያ ተሾመ ለለቅሶ ያደረው በፊልም ብቻ አልነበረም። በኛ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የምታስተምር ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ ነበረች፤ የግራዝማች አላምረው ልጅ። ተሾመ ተማሪዎችን ሊከትብ መጥቶ አያትና፣ ከዚያ በኋላ የኛ ትምህርት ቤት ልጆች በጠቅላይ ግዛቱ ውስጥ ጤናቸው በጣም የሚታሰብላቸው ልጆች ሆኑ። እሷም በመጣ ቁጥር ጠመኔ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ጉዳዩ እየጠና ሲሄድ ተሾመ የከተማውን ሽማግሌዎች ለምኖ ወደ ግራዝማች ላከ።

ግራዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም። ሚስታቸው የሞቱት ጥሩወርቅ ገና ድክ ድክ ስትል ነው። ሌላ ሳያገቡ አሳደጓት። ዘመዶቻቸው «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን?» እያሉ ሲያጉረመርሙ ራሳቸው በበቅሎ ትምህርት ቤት ያደርሷት ነበር። ሽማግሌዎቹን ግን አስተናግደው፣ አብልተው አጠጥተው በባዶ እጃቸው ሸኟቸው። «ልጁ ሰው መሆኑን አልካድኩም» አሉ አሉ። «የማን ሰው እንደሆነ ግን አላውቅም። ጅማ ድረስ ሄጄ ዘር ልቆጥር ነው?»

ተሾመ ከሳ። በወይዘሮ አጸደ ሻይ ቤት ስለ ፊልም መከራከሩንም ተወ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ። ወደ ጅማ ለመዛወር ማመልከቻ ሊያስገባ እንደሆነ ሲነግረኝ እኔም ከፋኝ። ተከራካሪ የሌለው ዳኛ ምን ዳኛ ነው?

በዚህ መካከል ወሬ መጣ። ፊልም የሚያሳይ መኪና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጣ ሊገባ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አዲስ የህንድ ፊልም ያሳያል ተባለ። ተሾመን ትንሽ ፈታ ቢል ብዬ፣ እየጎተትኩም እየለመንኩም፣ ቅዳሜ ማለዳ የጭነት መኪና ላይ አወጣሁት። ጤፍ በሞላው ጆንያ ላይ ተደላድለን ስንቀመጥ ከታች ጋቢናው ውስጥ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ግራዝማች አላምረው ከነልጃቸው! ሞጣ ያለችው እህታቸው የልጅ ልጇን ክርስትና ልታስነሣ ጠርታቸው ነው። ተሾመ ሊወርድ ሲነሣ መኪናው ተንቀሳቀሰና መልሶ ጆንያው ላይ ጣለው። እስከ ሞጣ ድረስ ያችን ልጅ ከእግሩ ሥር አድርጎ፣ በጣሪያ ብረት ተለይቶ ተጓዘ። ከዚህ የበለጠ የህንድ ፊልም ይኖራል?

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስና በጋቢ ተሸፍነዋል፤ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ተወጥሯል፤ ሞተሩ ደጅ ላይ ይንደቀደቃል። ግራዝማች ከክርስትናው ግብዣ ከነዘመዶቻቸው መጥተው ከፊት ወንበር ተሰጣቸው። ጥሩወርቅ ከአክስቷ ጋር በሴቶቹ በኩል ተቀመጠች፤ ተሾመ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እኔን ግራዝማች አዩኝ።

«አንተ መምህር፣ ፊልም አዋቂ ነህ አሉ። ና እዚህ ተቀመጥና አስረዳኝ።»

የህንድ ቋንቋ አላውቅም። ግን የህንድ ፊልም የሚገባው በቋንቋ ሳይሆን በዕንባና በዘፈን ስለሆነ፣ አላፈርኩም፤ ተቀመጥኩ። ታሪኩ አንድ ባለጸጋ አባት፣ አንዲት ልጅ፣ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ጀልባ ቀዛፊው እየቀዘፈ ይዘፍናል፤ እሷ ዳር ቆማ ትዘፍናለች። አንድ ቀን ወጣቱ ወደ አባትዬው ቤት መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ። አባትዬው ጢሙን እየጠመዘዘ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለው?» አሉኝ ግራዝማች።

«የማን ልጅ ነህ አለው።»

«ደግ ጠየቀ!» አሉና ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ።

ወጣቱ ተባረረ። ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ተቆለፈባት። እህል አልቀምስ አለች፤ ከሳች። በመጨረሻም በመስኮት ወጥታ በዝናብ ወደ ወንዙ ሮጠች። አባትዬው ፋኖስ ይዞ ከኋላዋ ወጣ። ልጅቷ ወንዙ ዳር ደርሳ ዞር ስትል፣ አባትዬው ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ሞተሩ ትር ትር ብሎ ቀጥ አለ። አዳራሹ ጨለመ።

ጩኸቱን ተዉት። መስኮቶቹ ተገለጡ፤ ባለሙያው ሞተሩን ሊፈታ ደጅ ወጣ። ሰዉ ግን አልተነሣም። «መምህር ጨርስልን!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ፊልሙ አዲስ ነው፣ እኔም አላየሁትም፣ መጨረሻውን አላውቅም አልኩ።

«ስንቱን ፊልም አይተህ ይሄንን አታውቅም?» አሉ ግራዝማች ተቆጥተው። «አባትዬው አሁን ምን ያደርጋል?»

እኔ ምን አውቃለሁ? ግን ዓይኔ መጀመሪያ ወደ ጥሩወርቅ፣ ቀጥሎ ወደ ተሾመ ሄደና፣ ምላሴ ከኔ ቀድሞ፣ «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር፣ ግራዝማች?» አለ። በቢቸናም ሆነ በሞጣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለግራዝማች አላምረው አይቀርብም።

«እኔማ» አሉ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየተከሉ፣ «ዘሩን አጠያይቅ ነበር።»

«አጠያይቆ ደኻ ግን ጨዋ መሆኑን ሰማ እንበል።»

«እንደዚያማ ከሆነ ልጅቷን እጠይቃታለሁ። እስካሁን ልጁ ለመነ፣ አባት ከለከለ፣ ጎረቤት አወራ። እሷን ምን ትያለሽ ያላት ማን ነው? ደግሞ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ቀስ ብለው ወደ ሴቶቹ በኩል ዞሩ። ጥሩወርቅ የነጠላዋን ጥለት ጣቷ ላይ እየጠቀለለች አባቷን በቀጥታ ታያለች። ግራዝማች ዓይናቸውን ቀድመው ሰበሩ። ከኋላ ግድግዳው ጋ የቆመውን ሰው አላዩትም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

ሞተሩ ተነሣ፤ መስኮቶቹ ተሸፈኑ። ያ አባት በዝናቡ መካከል ፋኖሱን አንሥቶ ተናገረ፤ ቁጣ መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ያን ጊዜ ከአጠገቤ ግራዝማች ብድግ አሉ። ጥላቸው አቡጀዲውን ሞላው።

«ጠይቃት እንጂ!» ብለው ጮኹ። «አንተ ሰውዬ፣ ጠይቃት! ልጅህ አይደለችም?»

አንድም ሰው አልሳቀም። ሰውዬው አልጠየቃትም። ውሃው ወሰዳት። ፋኖሱ ወንዙ ዳር ቀረ፤ ፊልሙ አለቀ። ግራዝማች አላምረው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወጡ።

በማግስቱ ያው መኪና ወደ ቢቸና መለሰን። እኛ ጆንያ ላይ፣ እነሱ ጋቢና ውስጥ። ከታች የሚነጋገሩት አይሰማም፤ ተሾመ ግን ጆሮውን ጣሪያው ላይ ለጥፎ ነው የተጓዘው። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ። ግራዝማች ወረዱና ቀና ብለው አዩን።

«አንተ ድሬሰር፣ አገርህ የት ነው ያልከው?»

«ጅማ ነው፣ ግራዝማች።»

«ሩቅ ነው።»

«ሩቅ ነው» አለ ተሾመ። ምስኪን!

ግራዝማች መንገዱን አዩ። «ሽማግሌዎቹ እንደገና ይምጡ» አሉ። «ስለ ፊልሙ እንዳይመስልህ። አስቤበት ነው።» ወደ ጋቢናው ተመልሰው በሩን ዘጉ። ተሾመ አቀፈኝ፤ ከዚያም እዚያው ጆንያው ላይ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። የፊልም አስተያየቱ እስከ መጨረሻው አልተለወጠም ማለት ነው።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ጥሩወርቅ በዚያ ቀን በጆሮዬ እንደነገረችኝ፣ አባቷ ጋቢና ውስጥ ሲጠይቋት፣ «ፊልሙ ሳይመጣ በፊት ነው የወሰንኩት፣ አባባ፤ የሚጠይቀኝ ነው የጠፋው» ብላቸው ነበር። እኔና ተሾመም ክርክራችንን ከነሙሽርነቱ ቀጠልን። እሱ፣ «ፊልሙ በደህና አልቆ ቢሆን ግራዝማች ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር፣ እኔም ጅማ ነበርኩ» ይላል። እኔ ደግሞ፣ እንደዚያም ሆኖ እኮ ነገሩ በደህና ነው ያለቀው፣ ስለዚህ ረታሁ እላለሁ። ፍርዱን ለናንተ ትቻለሁ።

በዓመቱ የፊልሙ መኪና ቢቸና ራሷ መጣ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ለግራዝማች አላምረው ከፊት ወንበር አስያዝኩና ልጋብዛቸው በሩጫ ቤታቸው ሄድኩ። ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር ምሳ ላይ ነበሩ። ጠላ አስቀዱልኝና ግብዣዬን በጥሞና ሰሙኝ፤ ከዚያም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተወኝ ልጄ» አሉ። «አንድ ፊልም አይቼ ልጄን ሰጠሁ። ሁለተኛ ያየሁ እንደሆን ርስቴን ልሰጥ ነው?»