ሠላሳ ጊጋ ተሰረቅኩ ብዬ ሽማግሌ ያስቀመጥኩ ዕለት

ዘመኑ 2011 ነበር፤ እኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ። ሰው በዚህ ዕድሜው ለፍላሽ ብሎ ሽማግሌ ያስቀምጣል ብላችሁ ታምናላችሁ?

እኔ አስቀምጫለሁ። ሳቁ፤ አምቦ ስቃ ጨርሳለች!

ልጄን ጫልቱን ድሬ ነበር። ያሳደጋት ባኮ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ታሞ ከአልጋ ስለማይነሳ ሰርጉን አላየም። ቪዲዮውን ይዤልህ እመጣለሁ ብዬ ምዬለታለሁ።

ፍላሽ አለኝ። ሠላሳ ሁለት ጊጋ ይላል ጀርባው።

ካሜራማኑ ሰካውና ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ጊጋ ናት፣ የሰርጉን ሩብ አትይዝም አለኝ። ፎርማት አድርጋት አልኩት። አደረገ። ሁለት። ድገማት አልኩት። ሁለት!

አዲስ ግዛ አለኝ። የራሴ እያለኝ? አልገዛም!

እስቲ አስቡት። ሠላሳ ሁለት የነበረ ሁለት ከሆነ ሠላሳው የት ገባ? ጎተራ ያለ ሌባ ይጎድላል?

ፍላሹን የተዋሰኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ግቢዬ የተከራየው መምህር ገመቹ። የራሱ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ሊጭንበት ወስዶ መልሷል። ሄጄ ጠየቅኩት። አልጠፋም አባባ፣ ይስጡኝና ላስተካክለው አለ።

ልስጠው? የቀረችውንም ሁለት ሊወስድ?

እሁድ ከሰዓት ሽማግሌ ተቀመጠ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ኦቦ ነገራ መርቀው ከፈቱና ወደ እኔ ዞሩ።

"ቶለሳ፣ ምን ወሰደብህ?"

"ሠላሳ ጊጋ።"

"ይሰፈራል ወይስ ይታሰራል?"

"አይሰፈርም፣ አይታሰርም።"

"ታዲያ በምን ተሸክሞት ሄደ?"

እኔ ከያዝኩ አልለቅም፤ ይማልልኝ አልኩ።

"ማሎ አባባ፣ እዚሁ ሽማግሌ ፊት ልሰካው" ብሎ ለመነኝ መምህሩ። በሽማግሌ ፊት ከሆነ እሺ፤ ሰጠሁት።

ላፕቶፑ ፍላሹን እንደ እርሻ ዘርግቶ አሳየን። ዳር ላይ ጠባብ ሰማያዊ ቁራጭ፤ የቀረው ጥቁር በጥቁር። ለካ ዊንዶውሱ ሲጫን ከፋፍሎት ኖሯል! እኛ ፎርማት የምናደርገው ያችን ቁራጭ ብቻ ነው። ሌላው እዚያው ጦሙን አድሯል።

መምህሩ ክፍፍሉን አጠፋ፤ ሁሉንም አንድ አድርጎ እንደገና ፎርማት አደረገው።

ሃያ ዘጠኝ ጊጋ!

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። "ሦስቱስ?" ብዬ ብድግ አልኩ።

ፋብሪካውና ኮምፒውተሩ አቆጣጠራቸው ይለያያል፣ ምንም አልጎደለም አለ መምህሩ።

"ተቀመጥ ቶለሳ" አሉ ኦቦ ነገራ። "ኮምፒውተር ላይ ሽማግሌ አንቀመጥም። ያንተ ፍላሽ ሞልቷል። የዚህ ሰው ስም ግን ጎድሏል፤ እሱን አንተ ሙላ።"

ሽማግሌው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ሳቅ እየያዛቸው መሆኑን አውቃለሁ! መምህሩ እግር ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አስቀረኝ፤ ያ ከሳቁ በላይ አሳፈረኝ።

ማታውን ቪዲዮው ተገለበጠ። ሰርጉ በሙሉ ገባ፤ ጭፈራው ሳይቀር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ፍላሹን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የመምህሩን በር አንኳኳሁ።

"መምህር፣ ተነስ፤ ባኮ አብረን እንሂድ። ሰርጉ በወንድሜ ቴሌቪዥን ጎድሎ ከታየ ማንን እከሳለሁ?"