የሐጂ እንድሪስ ቆጣሪ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ትዘጉታላችሁ ወይስ እንደተከፈተ ትተዉታላችሁ? አትዋሹ። እንደተከፈተ ነው የምትተዉት። መምጣቱን በምን ልታውቁ! እኛም መርሳ ላይ እንደዚያው ነበርን። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ደሳለ እባላለሁ፤ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ፀጉር አስተካካይ ወሬኛ ነው ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ አልከራከርም። ጦርነቱ መጥቶ መብራቱ ድርግም ሲል ሁለቱ ቶንዶሶቼ አብረው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ በመቀስና በማበጠሪያ ነበር የምሠራው። እሱ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር አትጠይቁኝ። ደንበኛዬ መስታወቱን ያይና ከፍሎ ይወጣል፤ በማግስቱ ኮፍያ አድርጎ አገኘዋለሁ። ቀስ በቀስ ሰዉ ፀጉሩን ማሳደግ መረጠ። የመርሳ ወንድ በሙሉ ባሕታዊ መሰለ።

ጦርነቱ ሲርቅ መብራቱ በማግስቱ የሚመጣ መስሎን ነበር። ምኑ! ምሰሶው ወድቋል፣ ሽቦው ተበጣጥሷል። በዚያ ክፉ ጊዜ ሰውና ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ በፊት "የት ደረሱ?" ነበር የሚባባለው። ወልድያ ገብተዋል፣ የለም ገና ቆቦ ናቸው፣ ሲባል ስንቱ ልጁን አዝሎ እግሩ ወዳመራው ወጣ። ያንን ጊዜ አይመልሰው። ጥገናው ሲጀመር ታዲያ ጥያቄያችን ያው ነበር፤ "የት ደረሰ?" አሁን የሚጠየቀው ግን መብራቱ ነው። ሐይቅ ገብቷል። ውጫሌ አድሯል። ውርጌሳ ላይ ምሰሶ እየተከለ ነው። ከደሴ ተሳፍሮ እንደሚመጣ ዘመድ ነበር የምንጠብቀው።

ሱቄ ውስጥ ሁሉም መሐንዲስ ሆነ። ልብስ ሰፊው መሐመድ ብድግ ብሎ መቀሴን ነጠቀኝና ግድግዳዬ ላይ ካርታ ጫረ። ትልቁ መስመር በጭንቅላታችን ላይ አልፎ መጀመሪያ ወልድያ ይገባል፣ እዚያ ኃይሉ ይቀነስለታል፣ ከዚያ ነው ተመልሶ ወደ እኛ የሚወርደው አለን። ሐጂ እንድሪስ ይኼን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። "አጃኢብ! ደጃችንን ረግጦ አልፎ ወልድያ ሄዶ ይመለሳል? ምን ሊያደርግ? ባለሥልጣን ሊሳለም?" አሉ።

ሐጂን ላስተዋውቃችሁ። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ዱአ ሲያደርጉ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል "አሚን" ይላል። ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው የሚላጩትም እኔ ጋ ነበር። መብራቱ ከጠፋ ጀምሮ ግን መቀሴን በሩቁ ነው የሚሸሹት። "አንተ ደሳለ፣ እኔ በግ አይደለሁም" ይሉኛል።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። የባለቤቴ የትርንጎ ወንድም፣ ጥላዬ የሚባል፣ ደሴ ላይ ትልቅ ፀጉር ቤት አለው። መቀስ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ! አሁን "መርሳ ቁጭ ብለህ ዝንብ ከምታባርር ና እኔ ጋ ተቀጠር፤ ፎጣም ቢሆን ታጥባለህ" ብሎ ይልክብኛል። ፎጣ! ከዚያ የባሰ ሞት አለ? ትርንጎ ግን ቤቱ ሊፈታ ነው፣ ልጆቹ ምን ይብሉ አለች። እውነቷን ነው። እስከ ፋሲካ መብራት ካልመጣ እሄዳለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። እሷ ሻንጣውን ያን ዕለት ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መብራቱ መጣ። እንዴት መጣ መሰላችሁ! የመሐመድ ካውያ፣ የእትዬ ዘሀራ ወፍጮ፣ የሥጋ ቤቱ ፍሪጅ፣ የጎረቤት ቴፕ፣ ሁሉም የጠፋ ዕለት እንደተከፈተ ነዋ የተተወው። ሁሉም በአንዴ ተነሳ። ቴፑ ዘፈኑን ካቆመበት ቀጠለ። እኔም ቶንዶሴን ብድግ ከማድረጌ ከውጭ "ድው!" አለ። ሰፈሩ በሙሉ መሬት ላይ ተኛ። ምን ይደረግ፣ ለምደነዋል። እኔም ሳሙና የተቀባ ደንበኛዬም ወንበር ሥር ተቃቅፈን ነበር። ቀና ብለን ብናይ ለካ ትራንስፎርመሩ ነው፤ እላዩ ላይ ጭስ ይትጎለጎላል።

ሌላው ሰፈር ሁሉ በራለት። እኛ ብቻ ቀረን። አስፋልቱን ተሻግሮ የሰው አምፖል ማየት እንዴት ያንገበግባል መሰላችሁ!

የመብራት ሠራተኞቹ ከስንት ልመና በኋላ ሌላ ትራንስፎርመር አምጥተው ሰቀሉ። ኃላፊያቸው ከወልድያ የመጣ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ዋርካው ሥር ሰበሰበንና፣ ይኼ ከተቃጠለ ሌላ የለም፣ ከየትም አላመጣም አለን። ስለዚህ ሁላችሁም ከቆጣሪው ላይ አጥፉ፤ እኛ መስመሩን እንለቃለን፤ ከዚያ መኪናችን በድምፅ ማጉያ እየዞረ በየተራ አብሩ ይላችኋል አለ። ነገ ከቀትር በፊት ያልቃል አለ።

እንዴ! ሰዉ ተንጫጫ። አጥፍተን መምጣቱን በምን እናውቃለን? ዋናው ችግር ግን እሱ አልነበረም። ማንም ማንንም አያምንም። ሁሉም ሌላው ካጠፋ የኔ አንዷ ምን ትጎዳለች ብሎ እንደሚያስብ ሁሉም ያውቃል። እትዬ ዘሀራ ወደ መሐመድ ካውያ ትጠቁማለች፣ መሐመድ ወደ ወፍጮዋ።

ይኼኔ ሐጂ ተነሱ። ዱአ አደረጉ። "ቃሉን የጠበቀ ቤቱ ይብራ!" አሚን! "ደብቆ ያበራ ፊቱ ይጥቆር!" አሚን! "ድምፅ ማጉያው ሳይጠራን ቆጣሪ የነካ ከመሀላችን አይቆጠር!" አሚን! እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ነው አሚን ያልኩት። ከዚያ እሳቸውና እኔ እንድንፈትሽ ተመረጥንና ቤት ለቤት ዞርን። የአንዱንም ቆጣሪ አላለፍንም። የእትዬ ዘሀራን ወፍጮ ሐጂ በከዘራቸው ነካ ነካ አድርገው ሁሉ አረጋገጡ። የሳቸውን ቤት ማን ይፈትሽ? ማንም አልፈተሸም። የሐጂ እንድሪስን ቆጣሪ ልይ ብሎ ማን በራቸው ላይ ይቆማል? ነውር አይደለም እንዴ!

በማግስቱ ጠበቅን። ቀትር አለፈ። መኪና የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም። ከሰዓትም አለፈ። ሰዉ አንገቱን ደፋ። አለቀለት፣ ይኼኛውም ተቃጥሏል፣ አፍረው ሹልክ ብለው ነው የሄዱት ተባለ። ፋሲካም ደርሷል፤ ትርንጎ ሸሚዞቼን ማጣጠፍ ጀመረች። እኔ ቶንዶሶቼን በጨርቅ ስጠቀልል እንባዬ መጣ። ልዋሻችሁ አልችልም፣ አለቀስኩ። ጎልማሳ ሰው ለቶንዶስ ያለቅሳል? ያለቅሳል።

ጠዋት ወንበሬን ባጃጅ ላይ አስጫንኩና ወደ መናኸሪያ ስሄድ ሐጂን ልሰናበት ጎራ አልኩ። ሳይመረቁ መንገድ መውጣት የለም። ሐጂ በዚያ ሙቀት ትልቅ ሻርፕ ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ተቀምጠዋል።

"ምነው ሐጂ፣ አመመዎት እንዴ?"

"ትንሽ ብርድ መታኝ" አሉ ዓይኔን ሳያዩ።

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ሻርፑ ተንሸራተተ። ጆሯቸውን አየሁ። ከጆሯቸው በላይ ሙልጭ ያለ፣ የሚያንጸባርቅ ነው። ይኼ መቀስ አይደለም። ምላጭም አይደለም። የስንቱን ራስ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ይኼ የማሽን ሥራ ነው!

"ሐጂ፣ ማነው የላጨዎት?"

ሻርፑን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። መጨረሻ ላይ "በሩን ግፋው" አሉኝ።

ልጃቸው ከጂዳ የላከላቸው የመላጫ ማሽን አለች። መብራቱ በጠፋ ዕለት ሶኬት ላይ እንደተሰካች፣ እንደተከፈተች ናት። ሰውን ሁሉ አስምለው ሲገቡ "ይቺ እንኳ ምናምኒት ናት፣ ምንም አትጎዳ" ብለው የገዛ ቆጣሪያቸውን ሳይነኩ ተዉት። ትናንት የቀትሩን ዙሁር ሰግደው ሲቀመጡ ማሽኗ ድንገት "ዝዝዝ" አለች! ለካ መብራቱ ተለቋል። በኋላ እንደሰማነው፣ ሠራተኞቹ መስመሩን ለቀው ሊነግሩን መኪና ሲያስነሱ፣ ግራና በኩል ምሰሶ ወደቀ ተብለው በዚያው ነዱ። እኛ መብራት በደጃችን ቆሞ፣ ቃላችንን ጠብቀን፣ ጨለማ ውስጥ አደርን!

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" ጮህኩ። "ወንበሬ ባጃጅ ላይ ነው እኮ! ልሰደድ ነው እኮ!"

"በምን አወቅህ ቢሉኝስ? ምን ልበል?" አሉ ሐጂ። "ወላሂ ሌሊቱን አልተኛሁም። መኪናዋን ስጠብቅ ነው ያነጋሁት።" ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና ሻርፑን ገለጡት። ፊት ለፊቱ ሙልጭ ብሏል። ከኋላ ግን እጃቸው አልደረሰም፤ ከማጅራታቸው በላይ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ቀርቷል። "ደሳለ ልጄ፣ እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ዋርካው ሥር እንዴት ልቁም?"

ሳቄና ንዴቴ አንድ ላይ መጡብኝ። ምን ላድርግ? ማሽኗን አነሳሁና ጨረስኩላቸው። ያቺን "ዝዝዝ" ስሰማ፣ ጥላዬ ከነፎጣው ከዓይኔ ጠፋ። ከዚያ ተማከርን። አንተ ሱቅህ ሂድና ቶንዶስህን አስጩህ፣ ሰዉ ሲሰበሰብ እኔ በየተራ አስበራለሁ አሉኝ። ወንበሬን መለስኩ። ቆጣሪዬን አበራሁና ቶንዶሴን ሰክቼ ለቀቅኩት። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። እልልታው ቀለጠ። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ፣ አንድ እጇ አፏ ላይ፣ አንድ እጇ ሻንጣው ላይ ነበር።

ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱና ሰዉን በቤት በቤቱ፣ በየተራ አስበሩት። ትራንስፎርመሩ ዝም አለ። ዳንን።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሐጂ ዋርካው ሥር ቆመው፣ ጭንቅላታቸው በፀሐይ እያበራ፣ ወደ እኔ ዞሩ። "መብራቱ መጣ፣ አልሃምዱሊላህ። ግን ድምፅ ማጉያ ሳይጠራው ቆጣሪ የነካ ሰው በመሀላችን አለ! አላህ ይቅር ይበለው።" ሰዉ ሁሉ እኔን እያየ "አሚን!" አለ። ትርንጎም አሚን አለች። እኔም አልኩ፣ ምን ላድርግ።

ይኸው እስከ ዛሬ ስሜ "ቃል አፍራሹ ደሳለ" ነው። ሐጂ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ስለ አማና፣ ስለ ቃል መጠበቅ ሲመክሩኝ፣ እኔ ኋላቸውን እያስተካከልኩ "እሺ ሐጂ" እላለሁ። እናንተም መብራት ሲጠፋ ከቆጣሪው ላይ አጥፉ፣ ደግ ነው። ብቻ ከሰፈራችሁ አንድ ቃሉን የማይጠብቅ ሽማግሌ አትጡ።