ዲክላን እምቢ ሲል

እኛ ቤት እንግዳ ገና «ብላ» ሲባል እጁን ከሰደደ፣ ፊት ለፊት ባንነግረውም፣ ከሄደ በኋላ እናማዋለን። ጨዋ ሰው መጀመሪያ «አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ይላል። እንለምነዋለን። «ኧረ ጠግቤአለሁ» ይላል። ሦስተኛ እንለምነዋለን፤ ከዚያ ለአራት ሰው የቀረበውን ብቻውን ይጨርሰዋል። እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ አትካዱኝ። አሜሪካኖች ግን አንዴ «ኖ ታንክስ» ካልካቸው ሰሃኑን ያነሱብሃል። ሚኒሶታ በመጣሁ ሰሞን በዚሁ የተነሳ ሁለት ግብዣ ላይ ተገኝቼ ጦሜን አድሬአለሁ።

ዲክላን የሚባል አይሪሽ ወጣት ዌስት ሴንት ፖል ያለውን ቤታችንን ያንኳኳው ለከተማው ምክር ቤት ሲወዳደር ነው። ከአየርላንድ ከመጣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ የምጠብቅበት ፌርማታ የንፋስ መከለያ እንደሌለው ነገርኩት። በማግስቱ ማለዳ መጥቶ አብሮኝ ቆመና ተንቀጠቀጠ። ፖለቲከኛ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም፤ ወደድኩት።

ቤት አስገብቼ «ብላ» አልኩት። «ኖ፣ ኖ፣ አይም ፋይን» አለ። ደግሜ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። «በሞቴ!» ስለው ተቀመጠና ስድስት ሳምቡሳ በላ። አገሩ ያለችው እናቱም ሳይለመን ሻይ የሚቀበል እንግዳ እንደማትወድ አጫወተን። የእኛው ሰው ነው አልኩ በሆዴ።

ተወዳደረና ተሸነፈ። ቀጣዩ ምርጫ ሲቃረብ የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበን እንደገና እንዲወዳደር ጠየቅነው። «አመሰግናለሁ፤ ግን ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም» አለ። ሰብሳቢዋ «ውሳኔህን እናከብራለን» ብላ ሌላ ስም ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሳች። ደነገጥኩ። ይሄ እኮ የመጀመሪያው እምቢታ ነው! እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዝም ካልኩ የልጁ ፖለቲካም የእኛ መከለያም እዚያው መቅረታቸው ነው።

«ዲክላን፣ ፕሊስ» አልኩ።

«ኖ፣ ሪሊ» አለ። ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

«ዳድ፣ ሂ ሴድ ኖ!» ብላ ልጄ ሰሚራ እጅጌዬን ጎተተችኝ። እዚህ የተወለደ ልጅ እምቢታ መቁጠር አያውቅም። ብድግ አልኩና፣ በእንግሊዝኛ አልመጣልኝ ስላለ፣ «በሞቴ!» አልኩት። ዲክላን አንገቱን ደፋ፣ ጆሮው በርበሬ መሰለ፣ ከዚያ ሳቀ። «እሺ» አለ፣ በአማርኛ።

አሸነፈ። መከለያውም ዘንድሮ ተሠራ፤ የመጀመሪያ ቀን ስቀመጥበት፣ አልዋሻችሁም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ባለፈው ሳምንት ዲክላን ደወለና የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ እንድገባ ጠየቀኝ። ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ፤ ግን ያሳደጉኝን ሰዎች ማሳፈር አልፈለግኩም። «ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት። ትናንትም ደወለ። «ጊዜም የለኝ» አልኩት። ዛሬ መከለያው ውስጥ ተቀምጬ፣ ሁለት አውቶቡስ አሳልፌ፣ ስልኬን በየደቂቃው እያወጣሁ አያለሁ። ይደውላል። እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች።