የበላሁት ጎማ

ያገሬ ሰው አፉን ሞልቶ ከሚናገራቸው ቃላት አንዱ «ይጠየቅ» ነው። ልብ በሉ፣ «ልጠየቅ» አላልኩም። «ይጠየቅ» ለተናጋሪውም ለሰሚውም ደስ የሚል፣ ማንንም የማያስከፍል ቃል ነው። መንገድ ፈረሰ፤ የሚመለከተው አካል ይጠየቅ! ውሃ ጠፋ፤ የሚመለከተው አካል ይጠየቅ! ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ፀጉር ቤት ተራ ይዘን፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጋጭተን ስሙን ያላነሳንበት ቀን የለም። ይህ የሚመለከተው አካል የሚባል ሰውዬ ምን ዓይነት ትከሻ ቢኖረው ነው፣ ያገሩን ጥፋት ሁሉ ተሸክሞ እስከ ዛሬ ያልጎበጠው? እያልኩ እደነቅ ነበር። ከሰውዬው ጋር የተዋወቅኩት አምና ነው። እንዴት እንደተዋወቅን ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትውልዴ ጎጃም ነው። በወጣትነቴ ተመድቤ ጉራጌ አገር ስመጣ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እቀየራለሁ» ብዬ ነበር፤ ይኸው ቆጮ በጎመን ካልቀረበልኝ እራት የበላሁ የማይመስለኝ ሰው ሆኜ ቀረሁ። የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ከቡታጅራ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ናት ልበልና ልለፍ፤ ነገ ጠዋት ሰላም የምላቸው ሰዎች አሉብኝ። ትልቁም ትንሹም «ቲቸር» ይለኛል። ጡረታ በወጣሁ ማግስት ደግሞ «ቲቸር ሐቀኛ ነው፣ እሱ ይግባልን» ተብዬ የወረዳው ምክር ቤት አባል ሆንኩ። የምክር ቤት አባል ሥራው ሁለት ነው፤ የየመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ በምን ላይ ምን እንዳወጣ መጠየቅ፣ እና በጀቱን ማጽደቅ። የመጀመሪያውን ለመሥራት ጊዜ አላገኘሁም። ሁለተኛውን ግን በትጋት ሠርቻለሁ።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ጎረቤቴ ሸምሱ እየሮጠ ግቢዬ ገባ። ሸምሱ በርበሬ ነጋዴ ነው። ከበሩ ላይ ቆሞ «አሰላሙ አለይኩም» ሳይል ደጅ የማይረግጥ ሥርዓተኛ ወጣት። ያን ቀን ሰላምታውን ዘለለው።

«ቲቸር፣ ዘይነባን ምጥ ይዟታል። ጤና ጣቢያ ናት። የሚሉኝ ነገር ጆሮዬ አልገባ አለ፣ እባክዎ ይምጡልኝ።»

ዘይነባ ሚስቱ ናት። ካገባት ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው መሆኑ ነው። ቤቱን ሲሠራ ለሁለት ሰው አምስት ክፍል ማውጣቱ ሲያስገርመኝ «ቲቸር፣ ባዶ ሆነው አይቀሩም ኢንሻ አላህ» ብሎኝ ነበር። ጫማዬን አጥልቄ አብሬው ሮጥኩ። ለመሮጤ የሚመሰክርልኝ ጉልበቴ ነው፣ እስካሁን ያመኛል።

አዋላጇ ሲስተር ብርሃኔ በር ላይ ጠበቀችን። የቀድሞ ተማሪዬ ናት። «ቲቸር፣ ልጁ አመጣጡ ልክ አይደለም። ደም መፍሰስ ጀምሯታል። እዚህ አይቻልም፣ አሁኑኑ ቡታጅራ ሄዳ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት» አለችኝ።

«አምቡላንሱን ጥሪዋ!»

ሲስተር በአገጯ ወደ ውጭ አመለከተችኝ። ከባሕር ዛፉ ሥር ነጩ አምቡላንስ በአራት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። ጎማ የለውም። አንድም። ሆዱ ሥር አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ተኝታለች። በአምቡላንሱ ተገልግላ በሰላም የምትገላገል ብቸኛ እናት እሷ ነበረች።

ሾፌሩ አጠገቡ ቆሟል። «ጎማው አልቆ ከተነሳ ስድስት ወር ሆነው። በደብዳቤ ጠየቅን፣ በጀቱ የለም አሉን» አለኝ፣ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ።

«ይህማ ወንጀል ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «የሚመለከተው አካል ይጠየቅ!»

ጩኸት ጎማ አይሆንም። ሸምሱ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ በሁለት እጁ መንገድ ዘጋና ከቆሼ ከተማ በርበሬ ጭኖ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ አይሱዙ አስቆመ። ጋቢናው ውስጥ ልትቀመጥ አትችልም። ጆንያውን እናራግፍ ብንል ጊዜ የለም። ፍራሽ ከጤና ጣቢያው አምጥተን በርበሬው ላይ አነጠፍንና ዘይነባን በቃሬዛ አወጣናት። ሸምሱ ራሷን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ሲስተር በእግሯ በኩል ተንበረከከች፣ እኔ ግሉኮሱን ከፍ አድርጌ እንድይዝ ታዘዝኩ።

መኪናው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሲዘል የበርበሬው ብናኝ ቡን ይላል። ሲስተር ታስነጥሳለች። የአይሱዙው ረዳት ያስነጥሳል። እኔም እያስነጠስኩ ግሉኮሱን እንዳልለቅ ጥርሴን ነክሻለሁ። አንዲት ሴት በሞትና በሕይወት መካከል ሆና ዙሪያዋን የከበባት ሰው ሁሉ ሲያስነጥስ ማየት፣ ሳቅ የሚያመጣ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። የሳቀ አልነበረም። ዘይነባ ስታስል ምጡም ሳሉም ባንድነት ይመጡባታል። ሸምሱ አፍና አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍኖ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላል። ፍራሹ መጀመሪያ ነጭ ነበር። ከግማሽ መንገድ በኋላ ወደሱ ላለማየት እንሰቱን፣ ተራራውን፣ ሰማዩን አይ ጀመር። ለተማሪ ሠላሳ ዓመት ሳስተምረው የኖርኩት መልክዐ ምድር እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ሆስፒታሉ አልዘገየብንም፤ ተቀብለው ሮጡ። እኛ ኮሪደር ላይ ቀረን። ከብዙ ሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ወጣና ሸምሱን ትከሻውን ያዘው። «ሴት ልጅ ናት፣ ደህና ናት። እናትየዋም ትተርፋለች» አለው። ልንተቃቀፍ ስንል እጁን አነሳ። «ግን ብዙ ደም ፈሷታል። ለማቆም ማህፀኗን ማውጣት ግድ ሆነብን። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ ቢሆን…»

ሸምሱ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ቀጥሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አምስቱን ክፍሎች የማስባቸው እኔ ብቻ አልነበርኩም መሰለኝ።

በማግስቱ፣ ክንዴ ከግሉኮሱ የተነሳ ወደ ላይ አልታዘዝ እያለኝ፣ በንዴት ጦፌ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋን አስናቀችን አገኘኋት። አስናቀች ጸጥተኛ ሴት ናት፤ ምክር ቤቱ ከተቋቋመ ጀምሮ የተባለውን ሁሉ ጽፋለች፣ የተባለውን ሁሉ ግን ለማንም አታወራም።

«የአምቡላንስ ጎማ በጀት የት ገባ? ማን ነው የነካው? ስሙን እፈልጋለሁ!» አልኳት።

አንድ ወፍራም ፋይል አወረደች፣ አቧራውን በእጇ ጠረግ አደረገች፣ ገለጠች፣ መነጽሯን አስተካከለች። «የበጀት ዝውውር ነው፣ ቲቸር። ለጤና ጽሕፈት ቤት ተሽከርካሪ ጥገና ተይዞ የነበረው ለእንግዳ አቀባበልና ለመድረክ ዝግጅት እንዲዛወር ተወስኗል።»

«ማን አቀረበው?»

«የፋይናንስ ኃላፊው።»

«አውቄዋለሁ! ማን ደገፈው?»

አስናቀች ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደገና ወረቀቱን አየች። «እርስዎ።»

«ማን?»

«እርስዎ ነዎት ቲቸር። ላንብብልዎት? ‹ስብሰባው ረዝሟል፤ ጉዳዩ ግልጽ ስለሆነ ሳንወያይበት ወደ ውሳኔ እንሂድ› ብለዋል። ፊርማዎም ይኸውና።»

ፊርማዬ ነው። ያቺ ጅራቷን እንደ ዓባይ የምታጣምመዋ የራሴ ፊርማ። አንድ ሰው ኪሱን የዘረፈውን ሌባ አሳድዶ ሲይዝ የገዛ እጁን ቢያገኘው እንዴት ይደነግጣል? ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ቀኑ ትዝ አለኝ። ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ሆዴ ይጮኻል። የአጀንዳውን ተራ ቁጥር እንኳ አላነበብኩትም። ከሳምንት በኋላም እንግዶቹ ከላይ መጡ፤ አዳራሹ በጨርቅ አጌጠ፤ ኮፍያና ካናቴራ ታደለ፤ ክትፎ በትልልቅ ጣባ ቀረበ። እኔም ኮፍያዬን አድርጌ፣ ቆጮውን እየቆረስኩ ሁለት ጊዜ አስጨምሬያለሁ። ያን ጊዜ የበላሁት ለካ ክትፎ አልነበረም። ጎማ ነበር። አራት ጎማ፣ ከነቸርኬው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁልጊዜ ሌላ ሰው ላይ ነበር የምተርተው። ሳይሾሙም መብላት እንዳለ ማን ነገረኝ?

አራት ቀን ከሸምሱ ተደበቅኩ። በአምስተኛው ቀን በርበሬ መጋዘኑ ሄጄ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሲለቅም የነበረውን በርበሬ ትቶ ሰማኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያን ቀን ምን በሉ?» አለኝ።

«ክትፎ።»

«ጣመዎት?»

ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «ጣመኝ» አልኩት።

«ይህን ለእኔ የነገሩኝ ምን ያደርግልኛል፣ ቲቸር? ዘይነባ ይህን ሰምታ ምን ታደርገዋለች? አብረው ለበሉት ይንገሯቸው» አለኝና ወደ በርበሬው ተመለሰ።

በሚቀጥለው ጉባኤ እንደ ተማሪ እጄን አውጥቼ ተነሳሁ። ጎማውን፣ ደሙን፣ በርበሬውን፣ ማህፀኗን፣ ፊርማዬን፣ ክትፎውን ተናገርኩ። «የሚመለከተው አካል እኔ ነኝ። እጃችሁን ያወጣችሁም ሁሉ ናችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ካናቴራውን ለብሶ የመጣ አባል ኮቱን ሲቆልፍ አየሁት።

የፋይናንስ ኃላፊው ተነሳ። አልተቆጣም፤ ያስደነገጠኝ ይኸው ነው። ፋይሉን ከፍ አድርጎ አሳየን። ደረሰኙ ሁሉ አለ። ጨረታው ወጥቷል። ኦዲት አይቶ ያገኘው ጉድለት የለም። ውሳኔው የምክር ቤቱ ነው። «አንድ ሳንቲም አልጠፋም» አለ፣ እውነቱን ነው። ሌባ ፈልገን ሌባ አጣን። ሌባ ቢገኝ ኖሮ አስረነው እፎይ ባልን ነበር! አንዲት ሴት ማህፀኗን ያጣችው ምንም ሕግ ሳይጣስ ነው።

አፈ ጉባኤው «ቲቸር ያደረጉትን ግለ ሂስ በጥንካሬ እንያዘው» አለና አስጨበጨበልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጭብጨባ አሳፍሮኝ አያውቅም።

የሆነ ሆኖ ነገሩ በከተማው ተወራ፤ የተወራ ነገር ደግሞ ከደብዳቤ ይፈጥናል። ወር ሳይሞላ ጎማ ተገዛ። ዶሮዋ ከነጫጩቶቿ ለቀቀች። ዘይነባ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ስታልፍ በአጥር ላይ ሰላም ትለኛለች፤ ባሏ ይንገራት አይንገራት እስካሁን አላውቅም፣ ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሏችሁ ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ በተጠራው ጉባኤ የመጨረሻው አጀንዳ ተነበበ፤ «የአምቡላንሱ ዳግም ሥራ ማስጀመሪያ ሥነ ሥርዓት።» ድንኳን፣ ባነር፣ የምሳ ግብዣ፣ ለክብር እንግዶች ስጦታ። ለአራት ጎማ! ማመን አቅቶኝ ጎኔ ያለውን ሰው አየሁት፤ እሱ ሰዓቱን ያያል። ሰባት ሰዓት አልፏል።

ተነሳሁ። «ወጪው ከየትኛው በጀት ነው የሚዛወረው?» አልኩ። በሰባት ዓመት አባልነቴ የጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

የፋይናንስ ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጠ። «ከ… ከመድኃኒት ግዢ» አለ።

ከኋላ አንዲት ከገጠር ቀበሌ የመጡ እናት «ውይ!» ሲሉ ተሰማ። ሌላ ንግግር አልተደረገም። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?» አለ። እጆች ወጡ። እንደ ልማዱ ሁሉም ይወጣል ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ነበር። ዘጠኝ ብቻ ወጣ። «የምትቃወሙ?» ሲል ግን ማን ከማን እንደሚቀድም ሳይታወቅ፣ ፈራ ተባ እያለ፣ አንድ በአንድ አሥራ አንድ እጅ ወጣ። አፈ ጉባኤው ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ለሦስተኛ ጊዜ ሊቆጥር ሲል እኚያው እናት «ልጄ፣ እጃችን ደከመ እኮ፣ መዝግቡት» አሉት።

ሰዉ ወደ ምሳው ሲበተን አስናቀች እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አስደግፋ፣ ሳትጽፍ ተቀምጣለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ቲቸር፣ ‹አልጸደቀም› ተብሎ ይጻፋል?»

«ይጻፋል» አልኳት።

«ጽፌው አላውቅም።»

«እኔም ተጽፎ አይቼው አላውቅም» አልኳትና፣ ስትጽፈው ለማየት ምሳዬን ትቼ አጠገቧ ቆምኩ።